ብረት ጡት ይበላል?

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ረፋድ ላይ፣ የጎረቤቴ ልጅ በአጥር በኩል ጠራችኝ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለዕረፍት ነው የመጣችው። «ሲስተር፣ እባክዎ ይምጡና ከእማዬ ጋር ይገላግሉን» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ለደብረ ወርቅ ሰው ግን ዛሬም ሲስተር ነኝ። ልጅ ያስቀመጠው፣ ራሱን ያመመው፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አወሳሰድ የጠፋው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ሄድኩ። የታመመ ሰው አልነበረም። ጠቡ በብረት የተነሳ ነው።

ግቢው መሐል ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች ተጋድመዋል። ሁለቱም በሲሚንቶ ተሞልተው በአንድ የውሃ ቧንቧ ብረት ግራና ቀኝ ተሰክተዋል። የልጅቱ ወንድም ለራሱ የሠራው ነው፤ እንዲህ ያለውን ብረት ብዙ ሠፈር ታዩታላችሁ። እሷም በዕረፍቷ ከወንድሟ ጋር እየተቀባበለች ጠዋት ጠዋት ትገፋለች። እናትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንቱ ሲስተር፣ ንገሯት! ይኸን ስትገፋ ደረቷ እንደ ወንድ ደልዳላ ሆኖ ይቀራል። ጡቷ ይጠፋል። ነገ ወልዳ ምን ልታጠባ ነው?»

ልጅቱ ቀበል አድርጋ፣ «እዚያ ግቢ ደግሞ ጓደኞቼ ተቃራኒውን ነው የሚሉኝ። ብረት ከገፋሽ ጡትሽ ይተልቃል፣ ይቆማል ይላሉ። የትኛው ነው እውነቱ?» አለችኝ።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይኔ እናትየዋ አጠገብ ባለው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ። ከቦኖ አሁን አዝላው የመጣችው ነው፤ የታሰረበት ገመድ ገና አልተፈታም። የእህል ነጋዴው ሚዛን ከአጥሩ ማዶ ስለሆነ ልጁን ብረቱን ይዘህ ሂድና መዝነው አልኩት። 14 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ሊትሩ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሳይመዘንም 20 ኪሎ ነው። ይኸን ሴትዮዋ ዳገቱን በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለስበታለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ። «አንቺ ከልጅሽ የበለጠ ብረት ስትገፊ ኖረሻል» አልኳት። «አምስት ልጅ አጠባሽ። ጡትሽ የት ሄደ?» ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ። ጠቡ በዚሁ በረደ፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ፣ ሌሎች ቤቶችም ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ፣ እዚህ አምጥቼዋለሁ።

ለመሆኑ ጡት ከምን የተሠራ ነው? ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው የጎድን አጥንት ባለው ቦታ፣ ከቆዳ ሥር ከደረት ጡንቻ በላይ ተቀምጧል። ውስጡ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የወተት ዕጢ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በቀጭን ቱቦ ወደ ጫፉ ይመጣሉ። በመካከላቸውና በዙሪያቸው ያለው ስብ ነው። ይኸን ሁሉ ከቆዳውና ከሥሩ ካለው ሽፋን ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ጅማቶች ደግሞ አሉ። ጡንቻ ግን የለም። (ብርድ ሲነካን ጫፉን የሚያቆሙት ደቃቅ ጡንቻዎች አሉ፤ እነሱን ግን ማንም ብረት ገፍቶ አያፈረጥማቸውም።)

ለልጅቱ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። የደረት ጡንቻ መደብ ነው፤ ጡት መደቡ ላይ የተቀመጠ ትራስ ነው። መደቡን ጭቃ ጨምረን ከፍ ብናደርገው ትራሱም አብሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ትራሱ ግን አልወፈረም፣ አልሳሳም። ብረት የሚገፋ ሰው፣ ፑሽ አፕ የሚሠራም ቢሆን፣ የሚያሳድገው መደቡን ነው። ስለዚህ ጓደኞቿ ይተልቃል ያሉት ከሩቅ ሲያዩት ነው፤ ደረቷና ጀርባዋ ጠንክሮ ቀጥ ብላ ስትቆም ጡቷ ጎላ ብሎ ይታያል። ጎብጦ የሚሄድ ሰውና ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው በአንድ ልብስ እንኳ እንደማይመሳሰሉ ታውቃላችሁ። በደረት ዙሪያ በሜትር ብትለኩትም ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ የጨመረው ግን የጀርባና የደረት ጡንቻ ነው።

እናትየዋስ የፈራችው ከየት መጣ? ከቴሌቪዥን ነው። ጡንቻቸው እንደ ገመድ የተገመደ፣ ደረታቸው እንደ ጋሻ የጠፈጠፈ የውጭ አገር ሴት ስፖርተኞችን አይታለች። እነዚያ ሴቶች ለውድድር ሲዘጋጁ ለወራት ምግባቸውን ለክተው፣ ከሰውነታቸው ስብን እስከሚቻለው ድረስ አሟጠው ያወጣሉ። ስብ ከሰውነት ሲሟጠጥ ከጡትም ይሟጠጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ የወንድ ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ይወስዳሉ። ይኸ መድኃኒት ድምፅ ያጎረንናል፣ ፊት ላይ ጸጉር ያበቅላል፣ የወር አበባ ያዛባል፣ ጡትንም በእርግጥ ያሟሽሻል። ምሥራቅ ጀርመን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገዛ ልጃገረድ ስፖርተኞቿ ምንነቱን ሳትነግር ስታውጥ ኖራ፣ ብዙዎቹ ዕድሜ ልክ የሚከተል ጉዳት ተሸክመው ቀርተዋል። ክፉው መድኃኒቱ ነበር፤ የብረቱ ስም በከንቱ ጠፋ።

ያለ መድኃኒት ግን ሴት ልጅ ብረት ስለገፋች ወንድ አትመስልም። ጡንቻን የሚያገዝፈው ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ በሴት ደም ውስጥ ያለው በወንዱ ካለው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ወንድምና እህት አንድ ዓይነት ብረት አንድ ዓመት ቢገፉ እሱ ይገዝፋል፤ እሷም ትጠነክራለች፣ ግን እንደ እሱ አትገዝፍም። ይኸንን ካላመናችሁ ወደ እንጦጦ ሂዱ። ከተራራው እንጨት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት ሴቶች በየቀኑ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም ሲያወርዱ ኖረዋል። እንደ ጋሻ ደረት ያበቀለች አላየሁም። ያየሁት የጎበጠ ወገብና ያለቀ ጉልበት ነው፤ ምክንያቱም ሸክምና ስፖርት አንድ አይደሉም። ስፖርት ዕረፍት አለው፣ ልክ አለው፣ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሸክም ልጅ የታዘለበት ቀንም፣ የታመሙበት ቀንም፣ ያልተበላበት ቀንም ያው ሸክም ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ስፖርት ጡት የሚያሳንስበት መንገድ አንድ አለ፤ ከስታችሁ ከሆነ። ስብ ሲቀንስ ሰውነት ከየት እንደሚቀንስ እኛን አያማክርም። አንዷ ከዳሌዋ፣ አንዷ ከፊቷ፣ አንዷ ከጡቷ ይጀምርባታል። ጡቷ በብዛት ስብ የሆነባት ሴት ከሁሉ በላይ ይታወቃታል፤ የወተት ዕጢው የበዛባት ደግሞ አሥር ኪሎ ቀንሳም ብዙ ለውጥ ላታይ ትችላለች። እንዲህ ያለው መቀነስ በሁለቱም ጡት ላይ እኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ከሌላው አካል ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ክሳት ካነሳን፣ ለልጅቱ አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬያታለሁ። ጡቷ ትንሽ ቢቀንስ ግድ የለኝም። የወር አበባዋ ቢቀር ግን ቶሎ ትንገረኝ። ብዙ እየሠሩ ትንሽ የሚበሉ ልጃገረዶች ላይ ሰውነት ይቆጥባል፤ መጀመሪያ የሚያቋርጠው የወር አበባን ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አብሮ ስለሚወርድ አጥንት ይሳሳል፤ በ20 ዓመት ዕድሜ ያልተጠራቀመ አጥንት ደግሞ በ60 ዓመት ተፈልጎ አይገኝም። በተለይ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ጠዋት ብረት መግፋት አይሆንም። ከጾሙ ፍቺ በኋላ ይሠሩ፤ ሽሮውንና ምስሩን፣ ሱፉንና ተልባውን በደንብ ይብሉ። ጾሙን አልነካሁባችሁም፤ ሰዓቱን ነው ያዛወርኩት።

ወተቱስ? እናትየዋ ከሁሉ በላይ የጨነቃት እሱ ነበር። ወተት የሚያመነጨው ዕጢው ነው፤ ዕጢው በብረት አይጠፋም። የጡት ትልቅነትና የወተት ብዛትም አንድ አይደሉም፤ ትንሽ ጡት ይዘው መንታ ያጠገቡ እናቶችን በእጄ አዋልጃለሁ። ከወለዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ስፖርት የጀመሩ አጥቢ እናቶችን ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ12 ሳምንት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ውጤት፣ የወተቱ መጠንም የሕፃኑ ክብደትም ስፖርት ካልሠሩት እንዳልተለየ ያሳያል። የራሳችንን ልጆች ደግሞ ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሴት ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። እነሱ የሠሩት ልምምድ ከእኛ ሠፈር ቆርቆሮ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እናት ከመሆን ግን አልከለከላቸውም።

ስለ ጡት መውደቅም ተጠየቅሁ። ይኸ ብዙ እናቶችን ልጅ ቶሎ እንዲያስጥሉ ያደረገ ወሬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኬንታኪ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ጡታቸውን ለማስተካከል ወደ ሐኪም የሄዱ 93 እናቶችን መዝነው ያጠኑ ሐኪሞች በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያገኙት ይኸ ነው፤ ያጠቡትና ያላጠቡት አልተለዩም። የለዩት ዕድሜ፣ የእርግዝና ብዛት፣ የሰውነት ክብደት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት ትልቅነትና ሲጋራ ናቸው። ማጥባት ከተከሳሾቹ ዝርዝር ወጥቷል። ብረትም የወደቀውን መልሶ አይሰቅልም፤ የላላ ጅማት በጡንቻ አይጠብቅም። ሩጫ ላይ ግን ጡት ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ስለሚወዛወዝ ያማል። ለዚህ ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ ይጠቅማል። ይኸ ዕቃ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በ1977 (እ.ኤ.አ.) በቬርሞንት የሩጫ ሕመም ያስቸገራት አንዲት ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሁለት የወንድ ስፖርተኛ የውስጥ ልብስ ቀዳ አጋጥማ ሰፍታ ነው የጀመረችው። የእኛ ልጆች በሻሽ ይጠፍሩታል። ትንፋሽ እስካላሳጠረ ድረስ አልቃወምም።

አንድ ምሬት ላስገባ። ጡት ያሳድጋል እየተባለ የሚሸጥ ቅባትና ክኒን በየሱቁ ገብቷል። ምን እንዳለበት በአማርኛም በእንግሊዝኛም በወጉ አይገልጽም። ሆርሞን ካለበት አደገኛ ነው፤ ከሌለበት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። አብሽም በማርና በቅቤ እያሉ የሚጠጡ ልጃገረዶች አሉ፤ ቢወፍሩ ከማሩና ከቅቤው ነው።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። በዚያ ረፋድ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነበር። እናትየዋ ጡቷ ይጠፋል ስትል የሌላ ሴት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት የ38 ዓመት ሴት ከገጠር መጣች። አራት ልጆች አሏት፤ ምንጭ ሩቅ ነው፤ እንሥራ በጀርባዋ ታመላልሳለች። እንሥራ የተሸከመ ሰው ያየ ያውቃል፤ ገመዱ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። «ሲስተር፣ ገመዱ ግራ ጡቴን አከሰመው» አለችኝ። ከቀኙ ያንስ ነበር። አየሁት፤ ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ቆዳው ጠቁሯል፣ ጠንክሯል። እውነት መሰለኝ። በዚያ ቀን ወረፋው እስከ በሩ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ፣ ገመዱን በጨርቅ ጠቅልይው ብዬ ሰደድኳት። በእጄ አልዳሰስኳትም። ብብቷንም አላየሁም።

ከሰባት ወር በኋላ ተመለሰች። ጡቷ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ጫፉ ተስቦ ገብቷል፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ብብቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ሕመም የለውም ነበር፤ ሕመም ስለሌለው ነው የቆየችው። ጡትን ያከሰመው ገመድ ሳይሆን ነቀርሳ ነበር። ነቀርሳ እብጠት ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ ጅማቶቹን ጎትቶ ጡቱን ያሳንሰዋል፣ ቅርጹን ይለውጠዋል። ይኸንን ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ሴትዮዋ ራሷ ምክንያት ይዛ ስትመጣ ግን ምክንያቷን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ስፖርት ወይም ክሳት የሚያሳንሰው ሁለቱንም ጡት ነው። አንዱ ብቻ ከተለወጠ ብረቱም፣ ጀሪካኑም፣ ገመዱም ምክንያት አይሁኑላችሁ። ከልጅነት ጀምሮ አንዱ ከአንዱ በጥቂቱ መብለጡ የተለመደ ነው፤ የሚያሳስበው አዲስ የመጣ ልዩነት ነው። ቆዳው ከሰረጎደ፣ ጫፉ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ካወጣ፣ በጡት ወይም በብብት ጠጠር ያለ እብጠት ከተገኘ፣ ሳታጠቡ አንድ ወገን ከቀላና ካበጠ፣ ቀን አትቁጠሩ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚገኙት ካንሰሮች ሁሉ የበዛው ነው፤ ብዙዎቹ ታማሚዎችም ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ወይም ከዚያ በታች ያሉ፣ ልጆች በማሳደግ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው። የአባቶቻችን ቃል በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል፤ እኔ የምጨምረው፣ በሽታውን ሳያውቅ ሌላ ስም የሰጠውም እንደዚያው ነው።

በአንጻሩ ብረት የጀመረች ልጅ በሁለተኛው ቀን ደረቷን ሲያማት እንዳትደነግጥ። መዳፏን ግድግዳ ላይ አድርጋ ትግፋ፤ ስትገፋ ሕመሙ ከባሰ ብዙ ጊዜ የጡንቻ ሕመም ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቃል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ጡት መክበዱና መጎርበጡም ያለ ነው። ስለዚህ ጡታችሁን የምትዳስሱበት ጥሩው ጊዜ የወር አበባው ከሄደ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ገላችሁን ስትታጠቡ፣ እጅ በሳሙና ሲንሸራተት፣ በሦስት ጣት መዳፍ በኩል። የራሳችሁን ጡት ካወቃችሁት አዲስ ነገር ሲመጣ አይሰወርባችሁም።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። በሬም ጥጃም ሸጠው አዲስ አበባ ወሰዷት። ጡቷ ተወገደ፤ ከብብቷ ያሉት ዕጢዎችም አብረው ወጡ። ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ እዚያ ተመላልሳ ጨርሳ ወደ አገሯ ገባች። እንኳን አተረፈሽ ልል ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት ያን ዕለት ነው። «በዚህ እጅሽ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳታነሺ» አልኳት። ክፋት አልነበረበትም፤ እኛም የተማርነው ይኸንኑ ነበር። የብብት ዕጢዎች ሲወጡ በክንድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መመለሻው ይጠብና እጅ ሊያብጥ ይችላል፤ ሸክም ያባብሰዋል ተብሎ ይፈራ ነበር።

ሴትዮዋ ቃሌን እንደ ንስሐ አባት ቃል ጠበቀችው። ውሃውን ልጇ ከትምህርት ቤት እየቀረች ቀዳች። እንጀራውን ጎረቤት ጋገረላት። እጇ ከዓመት ዓመት እየሰለለ፣ ትከሻዋ እየደረቀ ሄደ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኘኋት፤ ነጠላዋን ራሷ መከናነብ አቅቷት ልጇ ታለብሳት ነበር። እጇም ደግሞ ሳይቀርለት አብጧል። የከለከልኳት ነገር ሁሉ ከምንም አላዳናትም።

ከዓመታት በኋላ በአንድ የማሻሻያ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ አሠልጣኙ ያነበበልን ጥናት ክው አደረገኝ። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሠራ፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው። ከጡት ካንሰር የዳኑ፣ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ዓመት ብረት አሠሯቸው። ልክ የተሰፋ ጥብቅ የክንድ መሸፈኛ ለብሰው፣ መጀመሪያ በባለሙያ እየታዩ፣ በጣም ቀላል ከሆነ ክብደት ተነሥተው። ብረት የሠሩት እጅ ከሌሎቹ የበለጠ አላበጠም። እንዲያውም እብጠቱ ድንገት የተነሳባቸው ብረት ከሠሩት 14 በመቶ ሲሆኑ ካልሠሩት 29 በመቶ ነበሩ። ጡንቻ ሲኮማተርና ሲዘረጋ ፈሳሹን ይገፋዋልና። ጠንካራ ክንድ ደግሞ የዕለቱን ሥራ በቀላሉ ስለሚሸከም አይጎዳም። እኔ ሴትዮዋን ያዳከምኳት ከእብጠት ላድናት ብዬ ነው።

ከሥልጠናው እንደተመለስኩ በነጋታው ሄድኩ። «ተሳስቼ ነበር» ማለት ለአሮጌ ነርስ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ሲስተር ብሎ እግር ለሚስም ሰው። ዝም ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» አለች። ቂም ያለው ቃል አልወጣትም፤ እሱ ነው የበለጠ የከበደኝ።

በባዶ እጅ ጀመርን። ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ታራምዳለች፤ የደረሰችበትን በከሰል ምልክት እናደርጋለን። በሁለተኛው ወር የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሩቡን ሞልተን ያዘች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር ጊዜ ማንሳት፣ ማረፍ፣ ደግሞ አሥር ጊዜ። ከብዶ የተሰማት ሳምንት አንጨምርም። ምድጃ ላይ እጇን እንዳይበላት ተጠንቀቂ አልኳት፤ ቃጠሎና ጭረት፣ ከዚያ የሚመጣው መቅላትና ትኩሳት፣ ከሸክም በላይ የሚፈራ ነውና፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየች ሴት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትሂድ። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ብብታቸው የተነካ ሴቶችም ይኸንን ከማድረጋቸው በፊት ያከማቸውን ሐኪም ይጠይቁ፤ የሁሉም ቁስል አንድ አይደለም።

ለልጅቱም የነገርኳት ቅደም ተከተል ከዚህ ብዙ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሌላ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ሁለት ቀን በቂ ነው፤ በየቀኑ ቆርቆሮ መግፋት አያስፈልግም። ደረት ብቻም አይደለም፤ ጀርባም፣ እግርም። 14 ኪሎው ለጀማሪ ስለሚከብዳት ወንድሟ በትንንሽ የወተት ጣሳ ሌላ እንዲሠራላት አዘዝኩ፤ ሠራላት። እናትየዋ አሁንም በዓይኗ ትከታተላለች፣ ግን ዝም ብላለች። ልጅቱ ወደ ማርቆስ ስትመለስ ጣሳዎቹን ትታቸው ነው የሄደችው፤ እናት ጓዳ ውስጥ ሲያስቀምጥ ያየሁት ሰው የለም፤ በሩ ሥር ናቸው።

ያቺ ሴት 50 ዓመት ካለፋት ቆየ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ጎራ ስትል ክንዷን በልብስ ሰፊ ሜትር እለካላታለሁ፤ ከክርን በላይ አንድ ቦታ፣ ከክርን በታች አንድ ቦታ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በዓመት ውስጥ ግን አልጨመረም። ጠርሙሱ ወደ አንድ ሊትር ተኩል አድጓል። ባለፈው ሳምንት አክንባሎውን በዚያ እጇ ከምጣዱ ላይ ማንሳቷን ነገረችኝ። ነጠላዋን ራሷ ተከናንባ ነው የመጣችው።